የ«ስስ ግድግዳ» ካሴቶች

ፍሊትውድ፣ ዓርብ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1977

ውድ ወንድሜ ሌናርድ፣

እንደምን ሰነበትክ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ያዘገየኝም የጠየቅከኝ ነገር ነው። እሁድ እሁድ የጸሎት ቤቱን ኦርጋን የምትመታ፣ በሥራ ቀን ለሦስት መቶ ተማሪ ድንች የምትቀቅል የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት፣ «የቴሌቪዥኑን ቀልድ ‹ስስ ግድግዳ›ን በካሴት ቅጂና ላኪልኝ» ትባላለች? ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ነበር የምከተው።

ለማንኛውም ቀድቼልሃለሁ። ቴፑን በርጩማ ላይ አድርጌ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስጠጋሁት። የግድግዳውን ሰዓት በፎጣ ጠቅልዬ ጓዳ ከተትኩት፤ የባሕር ወፎቹ እንዳይጮሁብኝ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ። አከራይዋ ወይዘሮ ግሩብ ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ስታዳምጥ፣ ተከራይዋ ሚስተር ፒንች ከወዲያ በኩል ያን ነገር ሲለቅባት፣ ትራስ ነክሼ ነው የተረፍኩት። ወድጄው እንዳይመስልህ። ትን ብሎኝ ነው።

እማዬ ደህና ናት። ለእሷ አልነገርኳትም። ሐሙስ ሐሙስ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ወይዘሮ ትሬልፎል ቤት ከጸሎት ቤቱ ሴቶች ጋር ለድሆች ልብስ ስትሰፋ ስለምታመሽ ቤቱ የእኔ ነው። አዎ፣ ስምህን አሁንም አታነሳም። ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው እኮ፣ ሌን። ማን እንዳጠፋ ዛሬም አልፈርድም። የአባባን ቀብር ጨርሰን፣ እንግዳው ሁሉ ሳንዱቹን ይዞ ተቀምጦ፣ አንተ ያንን ቴሌቪዥን ከፍተህ ጣራው እስኪነቃነቅ መሳቅህ ደግ አልነበረም። እሷም «የእኔ ዕለት እንደዚሁ ትስቅ ይሆናል፤ ውጣልኝ ከቤቴ» ስትልህ፣ ዓለም ጫፍ ያለ የበግ ደሴት ድረስ ውጣ ማለቷ አልመሰለኝም ነበር። ላንተም አልመሰለህም መሰለኝ።

ፖስታ ቤት ያለችው ሴት የጸሎት ቤታችን ሰው ስለሆነች ፓኬቱ ላይ «መዝሙር» ብዬ ጽፌበታለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እህትህ ዊኒፍሬድ


ዌስት ፎክላንድ፣ እሁድ ኦክቶበር 30 ቀን 1977

ዊኒ፣

ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽውም ኋላ የላክሽውም «መዝሙር» ባንድ ጀልባ ደረሰኝ። ኑሪልኝ።

ከሁለተኛው ጋር ባለው ወረቀት ሚስት ላልሽው፣ አላገኘሁም። እዚህ ካሉት ሴቶች ግማሹ ባለትዳር ነው፣ የቀረው በግ ነው።

ቤቱ እንዴት ነው ብለሽኛል። አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ። ከረግረጉ ቆፍረን ያደረቅነውን አፈር እናነዳለን፤ ጭሱ ልብሴ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ቅርብ የሚባለው ጎረቤቴ በፈረስ ሦስት ሰዓት ነው። ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ስልክ እንገናኛለን፤ አንዱ ሲያወራ ደሴቱ ሁሉ ይሰማል፤ የማን ጥርስ እንዳመመው፣ የማን ሚስት እንደተቆጣች ሁሉን እናውቃለን። ከዚያ ሬዲዮው ይዘጋል፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት የሰው ድምፅ የለም። ነፋስ ነው፤ በቃ። ቁጭ ብዬ ለውሻው አወራለሁ፤ እሱም እየሰለቸው ነው።

እንግዲህ አርባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ብቻውን ተቀምጦ የሌላ ሰው ፈስ እየሰማ በሳቅ ሲፈርስ አስቢው። ለማንም አልተናገርኩም። ሲጠይቁኝ «እህቴ የላከችልኝ መዝሙር ነው» እላለሁ። የእረኞቹ አለቃችን «እኔም ልስማው» ቢለኝ ምን ይውጠኛል?

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ሁለተኛው ካሴት ላይ የትርኢቱ ተመልካች ሁሉ በሳቅ ያለቀበት፣ ግን ምንም ድምፅ ያልነበረበት ቦታ አለ። ምን ሆኖ ነው? ሳላውቅ አብሬ ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን እያሳከከኝ ነው።

ሁለተኛ፣ እዚያው ላይ ወንበር ሲንጫጫ ሰምቻለሁ። የእማዬ ወንበር ነው። በዓለም ላይ እንደሱ የሚንጫጫ ሌላ ወንበር የለም። ሐሙስ ማታ እቤት ምን ትሠራለች? ሲበርዳትም ሲዘንብባትም ከስፌቱ ቀርታ አታውቅም።

ሌን


ፍሊትውድ፣ ዓርብ ዲሴምበር 2 ቀን 1977

ውድ ሌናርድ፣

መጀመሪያ ያንን ልገላገል። ፊቴ እየነደደ ነው የምጽፈው። ሚስተር ፒንች የወይዘሮ ግሩብን መኝታ ቤት ግድግዳ ወረቀት ሊለጥፍ መሰላል ላይ ወጥቷል። የሱሪው ማንጠልጠያ በሩ እጀታ ላይ ተጠልፏል። ለጥየቃ የመጡ ጳጳስ በሩን ከፈቱት። ሱሪው ከበሩ ጋር ሄደ። ከሥር የታየው የውስጥ ሱሪ ከወይዘሮ ግሩብ ሳሎን መጋረጃ የተሰፋ ነበር። መጋረጃው የት እንደገባ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትፈልግ ነበር። ጳጳሱ ባርኔጣቸውን አንስተው «ደህና ዋሉ» በሚል ዓይን አይተውት በሩን መልሰው ዘጉት። በቃ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አታስጽፈኝ። የሚቀጥለው ካሴት ላይ ድምፅ የሌለውን ሁሉ በቁራሽ ወረቀት ጽፌ አብሬ ከትቼልሃለሁ።

ወንበሩ የእሷ ነው፤ ጆሮህ አልተሳሳተም። ጉንፋን ይዟት ነው የቀረችው። ያን ቀን ተኝታለች ብዬ ቴፑን ስከፍት፣ በካልሲ ብቻ ከደረጃው ወርዳ ከኋላዬ ቆማለች።

«ለማን ነው የምትቀጂው?»

«ለአንዲት ዓይኗ ለማያይ ሴት» አልኳት። ውሸቱ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«ዓይኗ አለማየቱ ሳያንስ ይሄንን ቆሻሻ ታሰሚያታለሽ?» አለችና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። «እሳቱ እዚህ ክፍል ስለሆነ ነው የተቀመጥኩት። ሌላ እንዳይመስልሽ።»

እንደዚያ ከሆነ ቀዩ መብራት እስካለ ድረስ ቃል መተንፈስ ክልክል ነው አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። በሕይወቴ እናቴን ዝም በይ ብዬ ዝም ያለችልኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ አብራኝ ትቀመጣለች። አትስቅም። አልፎ አልፎ ብቻ ትስላለች።

አሟት ይሆን ብለህ እንዳትጨነቅ። ጉንፋን ነው አልኩህ እኮ። ነገርን ነገር አታድርገው።

ዊኒፍሬድ


ዌስት ፎክላንድ፣ እሁድ ጃንዋሪ 8 ቀን 1978

ዊኒ፣

ስለ ጳጳሱ ስትጽፊ ደብዳቤውን ይዤ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ውሻው ያመመኝ መስሎት ፊቴን ላሰኝ።

አሁን ግን ቀልዱን እናቁም። አዲሱ አልቆ የድሮዎቹን ክፍሎች መድገም ከጀመሩ ወዲህ የላክሻቸውን ካሴቶች አምስት አምስት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሌላ ምን ሥራ አለኝ። ሳል ያልሽው ሳል ብቻ አይደለም። ተመልካቾቹ ከመሳቃቸው በፊት ነው የምትስለው። ሁልጊዜ በፊት። ሳል ቀልድ እንደሚመጣ አያውቅም፣ ዊኒ። ሳቋን እየዋጠች ነው፤ ምን እንደሚመጣም ቀድማ ታውቃለች። እንዴት እንደምታውቅ ግን አልገባኝም።

ሌላው ሳል ደግሞ አለ። እሱ ከቀልዱ ጋር አይገናኝም። ከሳምንት ሳምንት እየረዘመ ነው፤ ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ።

ባለፈው ካሴት መጨረሻ ላይ ማጥፋት ረስተሽ በር ተከፍቶ አንድ ወንድ «ዛሬስ መተንፈሱ እንዴት ነው፣ ወይዘሮ ኦርሜሮድ?» ይላል። ለጉንፋን ሐኪም ማታ ቤት ድረስ መምጣት የጀመረው መቼ ነው?

መርከቧ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ትነሳለች። ልምጣ? አንቺ እንዳትመልሺልኝ። ይህን ደብዳቤ አንብቢላትና እሷ ትመልስልኝ። መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቀኝ ካለችሽም ጠይቄያለሁ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ለዚህ ነፋስ ስጠይቅ ነው የኖርኩት። አንድ ቃል ትበቃኛለች። «ና» ካለች እመጣለሁ። «አትምጣ» ካለችም ከራሷ አፍ ልስማው።

ሌን


ፍሊትውድ፣ ዓርብ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1978

ሌን፣

ዋሽቼሃለሁ። ሳንባዋ ነው። ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ እናውቃለን፤ ሐኪሙ ከፋሲካ አታልፍም ብሎን ነበር፤ አሁን ደግሞ ፋሲካ ሩቅ ነው ይላል። እንዳልነግርህ ያስማለችኝ እሷ ናት። ስምህን ግን ያኔም አልጠራችም። «እዚያ ላለው ሰው እንዳትጽፊ» ነው ያለችኝ። «ለሬሳ ብሎ እንዲመጣ አልፈልግም።» እንደምጽፍልህ ታውቅ ነበር፤ ዓይነ ስውሯን ሴት አንድም ቀን አላመነችኝም ማለት ነው።

ደብዳቤህን ረቡዕ ዕለት ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ መነጽሯ ማስቀመጫ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሾርባ አምጪልኝ አለችኝ።

የትናንት ማታውን ካሴት አብሬ ልኬልሃለሁ። አልጋዋን ወደ ሳሎን አውርደነዋል። መሀል ላይ የሠራሁት ጥፋት አለ፤ አሁን ለመጻፍ እጄ እንቢ አለኝ፤ ስትሰማው ታውቀዋለህ።

አትመልሺልኝ ብለሃል። እኔ ግን እመልስልሃለሁ። ና። መርከቧን አትጠብቅ፤ እንደምንም ብለህ በአውሮፕላን ና።

ዊኒ


ዌስት ፎክላንድ፣ ረቡዕ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1978

ዊኒፍሬድ፣

ቴሌግራምሽ ትናንት ጠዋት ደረሰኝ። በሬዲዮ ነው የተነበበልኝ። «ለሌናርድ ኦርሜሮድ፤ እማዬ እሁድ ዐረፈች፤ ቀብር ሐሙስ፤ ዊኒ።» ደሴቱ ሁሉ አብሮኝ ሰማ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተነፈሰም። እዚህ ሬዲዮ ላይ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ቀብሩ ነገ ነው። በፈረስ ወደቡ ለመድረስ እንኳ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል።

መታመሟን ታውቂ ነበር፤ ለጥያቄዬ ሁሉ ጉንፋን ስትልኪልኝ ከረምሽ። ደህና ናት እያልሽ። እኔ ደግሞ እንደ ጅል ሰዓት ይዤ ሳሏን እለካለሁ። አንድ ቃል ነው የለመንኳት። ሰባት ዓመት ቆይቼ አንድ ቃል። ያም ሳይመጣልኝ ሄደች፤ አንቺ እውነቱን ብትጽፊልኝ ኖሮ ገና ባለፈው ዓመት እመጣ ነበር።

ካሴት እንዳትልኪልኝ። በመንገድ ላይ ያለ ካለም አልሰማውም።

ሌናርድ


ፍሊትውድ፣ ዓርብ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1978

ውድ ወንድሜ፣

ትናንት ቀበርናት። ከአባባ ጎን ናት። ዝናብ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው።

ቴሌግራሙ ከደረሰህ ወዲህ ምን እያሰብክ እንደሆነ አላውቅም፤ ይገባኛል ግን። ቁጣህ እዚህ እስኪደርስ ሳልጠብቅ ጥፋቴን ልናዘዝልህ። ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ነው። ቴፑን ከፍቻለሁ፤ ቀዩ መብራት በርቷል። ሚስተር ፒንች መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ እንዳለ ፎቁን በስቶ ወይዘሮ ግሩብ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ሊወድቅ ሲል እማዬ ሳቀች። አልዋጠችውም፤ ለመዋጥ አቅሙም አልነበራትም። እየሳቀች ወደ ቴፑ ዞረችና «ሌኒ» አለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልወጣው ስም። እኔ ደግሞ ሳላስበው፣ ከልማድ፣ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ «እሽሽ» አልኳት።

እሽሽ አልኳት፣ ሌን። ዝም አለች። ሲያልቅ ተንበርክኬ «ምን ልትዪ ነበር?» ብላት፣ «ሕጉ ዝም ማለት ነው ብለሽኝ የለ» አለችና ፈገግ ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ዓርብ ማታ ንግግሯ ተያዘ። እሁድ ዐረፈች። ለጥያቄህ መልስ ልትሰጥ ነበር፤ አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይህን ይዤ እንዴት እንደምኖር አላውቅም።

አሁን የትናንቱን ስማኝ። እንግዳው ሳሎን ሞልቶ የአሳማ ሥጋ ሳንዱችና ሻይ ይዟል። ሰባኪያችን ሚስተር ኦግደን በአባባ ወንበር ላይ ናቸው። አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ምን እንደገባብኝ አላውቅም፤ ተነስቼ በርጩማውን አመጣሁ፤ ቴፑን አስቀመጥኩና ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። «ወንድሜ ሩቅ ነው፤ በዚህ ሰዓት ይሄን እቀዳለታለሁ» አልኩ። «እንደፈለጋችሁ አውሩ። ዛሬ ማንንም ዝም በሉ አልልም።» ሚስተር ኦግደን የሻይ ስኒያቸውን እንደ መጽሐፍ ያነቡታል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ቆሜ ሳለሁ ወይዘሮ ትሬልፎል ከጥጉ፣ «ድምፁን ከፍ አድርጊው እንጂ ዊኒፍሬድ፤ ይሄ እኮ አልጋው የሚሰበርበት ነው» አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ከዚያ አወጣችው። ሐሙስ ሐሙስ ስፌት ብለው የሚሰበሰቡት ለካ «ስስ ግድግዳ»ን ለማየት ነው። «ስፌቱስ?» ብላት «ማስታወቂያ ሲመጣ እንሰፋለን» አለችኝ። ያስጀመረቻቸው ደግሞ እማዬ ናት። አንተ የሄድክ ሰሞን እማዬ ራሷ ወይዘሮ ትሬልፎል በር ድረስ ሄዳ «ልጄን በአባቱ ቀብር ዕለት ያሳቀው ምን እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ» አለቻት። ካፖርቷን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አየች። ስትነሳ «በዚህማ ማንም ይስቃል» አለች። ይኸው ነው ያለችው። ታዲያ ጻፊለት ቢሏት «እሱ ይጀምር» አለች። አንተም እሷ ትጀምር እያልክ።

አብሬ በላክሁልህ የትናንቱ ካሴት ውስጥ ሁሉም አለበት። ሚስተር ኦግደን ሳይቀሩ።

ሰዓቱን ከፎጣው አውጥቼ ግድግዳው ላይ መልሼዋለሁ። ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም።

ዊኒ


ዌስት ፎክላንድ፣ እሁድ ማርች 26 ቀን 1978፣ የፋሲካ ዕለት

ዊኒዬ፣

የፌብሩዋሪውን ደብዳቤዬን አቃጥዪው። ሳታነቢው ብትቀሪ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እንዳነበብሽው አውቃለሁ።

ሁለቱ ካሴቶች ረቡዕ ባንድ ጀልባ መጡ። አልሰማም ብዬ ስለማልኩ ሦስት ቀን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። ትናንት ማታ መሐላዬን በላሁ።

«ሌኒ» ስትል ሰማኋት። ከአንቺ «እሽሽ» በኋላ ያለውን ግን አንቺ ያልሰማሽው ይመስለኛል፤ በድንጋጤ ውስጥ ነበርሽ። እኔ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ዝም ትላለች። ከዚያ ስትስቅ ይሰማል፤ በፒንች አይደለም፤ ፒንች ገና አልወደቀም። በአንቺ ነው የምትስቀው። ልጇ ዝም ስላሰኘቻት ነው የምትስቀው። ስሜን በአፏ እንደያዘች እየሳቀች ነው፣ ዊኒ። ከዚያ በኋላ ምን ልትል እንደነበር ሌሊቱን አስቤ ተውኩት። «ና» ይሁን «አትምጣ» አላውቅም። የለመንኩት አንድ ቃል ነበር፤ አንዱን ብላለች፤ ስሜን። ጥፋት ላልሽው፣ ጥፋት የለም፤ ይቅር የምልሽም ነገር የለም። እኔ ግን ስለ ስድቤ ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ሳሏ ቀልዱን ይቀድም የነበረውም ለካ ለዚህ ነው። ሁሉንም ወይዘሮ ትሬልፎል ቤት አይታዋለች።

ከዚያ የቀብሩን ሰማሁ። አልጋው ሲሰበር ሚስተር ኦግደን በሻይ ትን ሲላቸው ጊዜ ሳቅሁ። ወንበሬ ላይ ተደፍቼ፣ እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። የእኔ ዕለት እንደዚሁ ትስቅ ይሆናል ብላኝ የለ? ይኸው ደረሰ። እንደዚያ ያለችው ለእርግማን ነበር፤ እኔ ግን ትናንት እንደ እርግማን አልሰማሁትም።

እመጣለሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ ብዬ ከቀረሁ አንቺንም እኔንም ያመናል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሃያ ካሴት ልከሽልኛል። በፎጣው ውስጥ ሰዓቱን ሰምቼዋለሁ፣ ወንበሩን፣ በተዘጋው መስኮት ወፎቹን፣ ሐኪሙን፣ እማዬን፣ አሁን ደግሞ ጸሎት ቤቱን ሙሉ። የአንቺን ሳቅ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈልጌ አጣሁት። ሃያውንም ጊዜ ትራስ ነክሰሻል።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ሰዓት ላይ በርጩማውን አውጪ፤ ሰዓቱ እንደተሰቀለ ይሁን፤ ትራሱን ሌላ ክፍል አድርጊው። ቴፑን ክፈቺና ሳቂ። እኔ ዝም ብዬ እሰማሻለሁ።

ወንድምሽ ሌኒ